ሆዴ ላይ የተሰፋው እጄ

ባለፈው እሑድ ባለቤቴ የእጅጌዬን ቁልፍ ስትቆልፍልኝ "ወፍረሃል" አለችኝ። ሆዴን ያየች መስሎኝ ነበር፤ ያየችው ግን የቀኝ እጄን ጀርባ ነው። እውነቷን ነው። ስወፍር እጄ ላይ ያለው ቆዳ አብሮኝ ይወፍራል፣ ስከሳም ይከሳል። ከሆዴ ስለመጣ የሆድ አመሉን አልተወም። ፕላስቲክ ሰርጀሪ ሲባል አፍንጫ ማሳመር ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ለእኔ ግን ባለሙያ ያደረገኝን እጅ ያተረፈልኝ ያ ሙያ ነው።

በደርግ ጊዜ ቦሌ ሚካኤል አካባቢ አንድ እንጨት ቤት እሠራ ነበር። ገርጂ ያኔ ማሳ ነበር፤ ክረምት ላይ በዚያ በኩል የሚመጣ ደንበኛ በራችን ላይ ቆሞ የጫማውን ጭቃ በእንጨት ቁራጭ ይፍቃል። ሙያውን ያስተማሩኝ ባለቤቱ ጋሽ ይመር ናቸው፣ የወሎ ሰው፤ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። አንድ ከሰዓት መብራት ጠፋ። የመላጊያ ማሽኑን ቀበቶ ላስተካክል እጄን ሰደድኩ፤ ማብሪያውን ግን አላጠፋሁትም። መብራቱ መጣ። ቀበቶው የእጄን ጀርባ ቆዳ ገፎ ወሰደው።

ሆስፒታል ያየኝ ዶክተር በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር።

"ጅማቶችህ አልተቆረጡም፤ ግን ራቁታቸውን ቀርተዋል። ካልተሸፈኑ ይደርቃሉ፣ ጣቶችህም አይታጠፉም" አለኝ።

"መሮ መያዝ እችላለሁ?"

"የምልህን ከሰማህ ትችላለህ።"

ያለኝም ይህ ነው፤ እጄን ሆዴ ላይ ይሰፋዋል፣ የሆዴ ቆዳ እጄ ላይ እስኪይዝ ሦስት ሳምንት ያህል አብረው ይቆያሉ፣ ከዚያ ይለያያቸዋል። ቀድሞ ከተጎተተ ቆዳው ይሞታል።

ተሰፋሁ። ከሁሉ የከበደኝ መብላቱ ነበር። በግራ እጅ መብላት እናቴ ፊት አይታሰብም፤ እሷው የሽሮ ፍትፍት ስታጎርሰኝ፣ ጺም ያበቀልኩ ሰውዬ አፌን ከፍቼ እጠብቃለሁ።

ቆይቶ ጋሽ ይመር ሊጠይቁኝ ገቡ። ዝናብ አበስብሷቸዋል። ከሐሳቤ አስተዳደጌ ቀደመኝና ብድግ ብዬ ቀኝ እጄን ልሰጣቸው ሳብኩት። ስፌቱ ሲተረተር ተሰማኝ፤ ፋሻው ቀላ።

ዶክተሩ መጥቶ መልሶ ሰፋው። "ነገ እናያለን። ከጠቆረ አለቀ" አለኝ። ጋሽ ይመርን ደግሞ "አባት፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም" አላቸው።

"እኔን ብሎ አይደል የተነሳው" ብለው አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። በጣም ፈራሁ። ከመሮ ሌላ የማውቀው ሥራ አልነበረኝም።

በማግስቱ ቆዳው ጠርዙ ላይ ጠቆር ብሎ ነበር፤ መሐሉ ግን ይሞቃል። ዶክተሩ ነካ ነካ አድርጎት "ተርፏል" አለኝ።

ጋሽ ይመር ከዚያ በኋላ ክፍሉ አልገቡም። በመጠየቂያ ሰዓት እየመጡ ከመስኮቱ ውጭ፣ ዝናቡ ውስጥ ይቆማሉ። እናቴ ወጥታ ይግቡ ስትላቸው "ከገባሁ ይነሳል። አብሽሪ፣ ከዚሁ ሆኜ አየዋለሁ" አሏት።

እጄ ከሆዴ ተለይቶ ጣቶቼ ቀስ በቀስ መታጠፍ ሲጀምሩ እንጨት ቤት ሄድኩ። ጋሽ ይመር ሰላምታዬን እንኳ ሳይቀበሉ መሮ አስጨበጡኝ። ጣቶቼ ገና በደንብ አልታጠፉም፣ ግን ያዝኩት። "አልሐምዱሊላህ" አሉና ፊታቸውን ወደ ጣውላው አዞሩ። እያለቀሱ እንደሆነ ገባኝ፤ እኔም አለቀስኩ።

ትልቅ ሰው ሲመጣ ይነሳለታል ተብዬ ነው ያደግሁት፤ ልጆቼንም ያሳደግኋቸው እንደዚያው ነው። ለታናሽ ሲሉ በር ላይ መቅረትም ክብር መስጠት መሆኑን ግን የነገረኝ አልነበረም፤ ከጋሽ ይመር ነው ያየሁት። ዛሬ እኔም የሚነሱልኝ ሰው ሆኛለሁ። በሽተኛ ልጠይቅ ስሄድ ደጃፉ ላይ ቆሜ "ከተነሳህ አልገባም" እላለሁ። ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ።