ሁለት እፍኝ አመድ

ስኒውን ሳጥብ ጣቴ ሁልጊዜ ከታች ያለችው ጠብታ ላይ ይቆማል። ከስኒው ወገብ ቁልቁል ስትወርድ መቀመጫው ጋ ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት ደርቃ የቀረች፣ እንደ ማር የወፈረች አረንጓዴ መስታወት ናት። ዛሬ ጠዋት ውሃ መጣና ለሦስት ቀን የተጠራቀመውን ዕቃ ሳጥብ ነካኋት። ከታች ግቢው ውስጥ ልጆች ኳስ ይለጋሉ፣ አንዲት እናት ከላይ ሆና ትጮህባቸዋለች። እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ የጋሼ ሸክላ ቤት ገብቼ ነበር፤ የራሰ ጭቃና የጋዝ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰን ነጥብ ያልመጣልን ሁለት ሴቶች ነበርን፣ እኔና ጓደኛዬ። እኔ ሦስተኛ ፎቅ፣ እሷ አራተኛ፣ እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም። ቤት ቁጭ ብለን እናቶቻችንን ከምናናድድ ብለን ነው ጋሼ ዘንድ ለመማር የገባነው። ጋሼ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሽማግሌ ነበሩ። የሚሠሩት ድስትና ጀበና አይደለም፤ ግሌዝ የተቀባ ስኒና ሳህን ነው። ግሌዝ ማለት የድንጋይ ዱቄት፣ የተፈጨ አሸዋና የብረት ዝገት በውሃ ተበጥብጦ፣ አንዴ የተተኮሰ ሸክላ ተነክሮበት እንደገና እሳት የሚገባው ነው። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ዲግሪ ላይ ቀልጦ መስታወት ይሆናል። ባልዲው ውስጥ ጭቃ ውሃ የሚመስለው ነገር ከእሳት ሲወጣ ምን እንደሚሆን ማንም አይገምትም።

እኔ በሚዛን ነበር የምሠራው። እያንዳንዷን ግራም ደብተሬ ላይ እጽፍ ነበር። ጓደኛዬ ሚዛን አትነካም። በጣሳ ትጨልፋለች፣ ትበጠብጣለች፣ ከዚያ ሌባ ጣቷን ባልዲው ውስጥ ነክራ ታወጣና ጥፍሯን ታያለች። ቅቡ ጥፍሯን እንዴት እንደሸፈነው አይታ «በቃው» ትላለች። በቃ፣ ያ ነው። ብዙ ጊዜ ትክክል ነበረች፤ እሱ ነው የሚያበግነው።

«የዚች ልጅ እጅ ያውቃል» ይሉ ነበር ጋሼ።

«የእኔስ ጋሼ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«አንቺ ጎበዝ ነሽ፤ ትጽፊያለሽ።»

ትጽፊያለሽ። ለዓመት ያህል ጆሮዬ ውስጥ የቀረች ቃል ናት። ጓደኛዬ ደግሞ ምንም አይገባትም፤ ታክሲ ውስጥ ጭኔን መታ እያደረገች «ጀለሴ፣ ደብተርሽ ሲያልቅ ሙዚየም እናስገባዋለን» እያለች ትስቃለች። እኔም እስቃለሁ። ቤት ስገባ ግን ደብተሩን ትራሴ ሥር እሸሽጋለሁ።

ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል ጋሼ አንዳችንን ብቻ እንደሚያስቀሩ ነገሩን። ግሌዙን የሚይዝላቸው አንድ ሰው ነበር የፈለጉት። «እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን በጥብጡ፣ ስድስት ስድስት ስኒ ንከሩ። እሳቱ ይፍረድ» አሉ።

የዚያን ቀን ጠዋት ጎን ለጎን ቆመን በጠበጥን። የእኔ ነጭ ነበር፤ አምስት ጊዜ የሞከርኩት፣ ስህተት የማያውቅ። እሷ ዝገት ጨምራ ቀይ ጭቃ የመሰለ ነገር በጠበጠችና ጣቷን ነክራ ጥፍሯን አየች፣ በቃው አለች። ከዚያ ስኒዎቿን ልታመጣ ወደ ጓሮ ወጣች።

ጥግ ላይ ከጎናችን ካለው ዳቦ ቤት የመጣ፣ የተነፋ የባሕር ዛፍ አመድ በጆንያ ነበር። ጋሼ በቁንጥር ነበር የሚጠቀሙበት። «ከበዛ ግሌዙ እንደ ውሃ ይሄዳል፤ ስኒውን ከመደርደሪያው ጋር ይበይደዋል» ብለውናል። ሁለት እፍኝ ዘግኜ ባልዲዋ ውስጥ ከተትኩና በዱላው አማሰልኩት። ቀዩ ውስጥ ሰጠመ፣ ጠፋ። እሷ ስትመለስ እጄን በጉርዴ እየጠረግኩ ነበር። «አማሰልሽልኝ? ተባረኪ» አለችኝ።

እሳቱ የተለኮሰው በማግስቱ ማለዳ ነው። ቀኑን ሙሉ ጋዙ እንደ ሩቅ ዝናብ ሲያጉረመርም ዋለ። ጋሼ የጭስ መውጫውን ገርበብ ሲያደርጉት በምድጃው ማያ ቀዳዳ ምላስ የምታህል ነበልባል ወጣች። ጓደኛዬ ዓይኗን አጥብባ እያየች «ያምራል አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኩ። ውስጥ ስኒዎቿ መደርደሪያው ላይ ሲጣበቁ እያሰብኩ ነበር።

ምድጃው በርዶ ሲከፈት የእኔ ስድስቱ ስኒዎች ልክ ደብተሩ ላይ እንደተጻፈው ወጡ፤ ነጭ፣ ንጹሕ። የእሷ አምስቱ ተበይደው በመሮ ተሰበሩ። ስድስተኛዋን ጋሼ በሁለት እጃቸው አወጧት። አረንጓዴ ናት፣ ግን አንድ አረንጓዴ አይደለችም፤ ከላይ ዝናብ እንዳባራ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ከታች ጠልቃ ልትጠቁር የደረሰች፣ ጫፏ ላይ ያቺ ጠብታ። ጋሼ ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡ። ስኒዋን እያገላበጡ ጓደኛዬን ጠየቋት።

«ምን አደረግሽበት?»

«እኔ እንጃ ጋሼ። እንደ ወትሮው ነው።»

እሷን አስቀሩ። ይህንን ደግመሽ ሥሪልኝ አሏት፤ እንዳይወርድ ብቻ አድርጊው። ቦታው ለእሷ ሆነ፣ በእኔው ሥራ። ለማን ይነገራል?

ሦስት ጊዜ ተኮሰች፤ ሦስቴም ቡኒ። ጋሼ አልተቆጧትም፣ ያ ነው የሰበራት። ጣቷን ነክራ ጥፍሯን ስታይ አታምነውም ነበር፣ ደግማ ትነክራለች፣ ደግማ ታያለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጣች።

«አንቺ ሁሉን ትጽፊያለሽ አይደል? የዚያን ቀን ምን ምን እንዳደረግኩ አላየሽኝም?»

ደብተሩ ትራሴ ሥር ነበር። «ሁለት እፍኝ አመድ» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ ክፋቴንም ሳልጽፍ አላልፍም።

«አላየሁሽም» አልኳት።

ስኒዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እንግዲያው አንቺ ጋ ትቀመጥ፤ እኔ ሳያት ያመኛል» አለች። በሳምንቱ ሸክላ ቤቱን ተወች። ጋሼ እኔን ጠሩኝ።

አሁን የጋሼን ግሌዝ የምበጠብጠው እኔ ነኝ። እሷ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ቤተሰቧም ሰፈር ቀይሯል። መንገድ ላይ ስንገናኝ እንሳሳማለን፣ ስለ ስኒዋ አታነሣም።

ያንን አረንጓዴ ግን ሠርቼው አላውቅም። አመዱን አውቃለሁ፤ አንድ እፍኝ፣ ሁለት፣ ሁለት ተኩል እያልኩ ሞክሬዋለሁ። አመዱ የገባበትን ግን አላውቅም። እሷ ስንት ጣሳ ድንጋይ ጨለፈች፣ ስንት አሸዋ፣ ስንት ዝገት፣ የደብተሬ ገጽ እዚያ ላይ ባዶ ነው። አጠገቧ ቆሜ ነበር፣ አልዋሽም። ያን ጠዋት ሙሉ ግን ሳይ የነበረው ጣቷን ነው፤ እንዴት እንደምትነክረው፣ ወደ ብርሃኑ አቅንታ ጥፍሯን እንዴት እንደምታየው።

ስኒውን አለቀለቅኩት። ሳላስበው ጣቴን የሳሙናው ውሃ ውስጥ ነክሬ አወጣሁና ጥፍሬን አየሁ።