ንቧን በመስታወት የተጫወተው ሰው

በቀደም ዕለት የልጅ ልጄ ሶፋዬ ላይ ተጋድማ ስልኳን ስትነካካ ቆየችና ድንገት ፍርፍር ብላ ሳቀች። «እማማዬ፣ የአባባ ንብ እዚህ ወጥታለች እኮ» አለችኝ። እሷ ንቧን የምታውቃት በሱቁ የድሮ ፎቶ ላይ ነው። የምን ንብ ነው ብዬ መነጽሬን አድርጌ ተጠጋሁ። እውነትም እሷው ናት። ያቺ ቢጫ ትንሽ አውሮፕላን፣ ያ ሰማያዊ ባሕር፣ ያ ብልጭ ብልጭ የሚል ቀይ ጥይት። ሟቹ ባሌ በር ላይ ቆሞ «ምሳ አመጣሽ?» ያለኝ ያህል ክው አልኩ።

ጽሑፉ በባዕድ ቋንቋ ስለሆነ አንብቢልኝ አልኳት። እየተረጎመች አነበበችልኝ። የድሮ የተኩስ ጌሞችን እየተጫወተ የሚያወዳድር ሰው ነው አሉ። ንቧን ከመጨረሻዎቹ ተርታ ጥሏታል። «ያለ ማስጠንቀቂያ ከኋላ ትመታለች፤ ጨዋታ ሳትሆን ማጭበርበሪያ ናት» ይላል።

ይሄኛው ድንጋጤ ከፊተኛው ባሰ። ይህችን ነገር ቃል በቃል ከብዙ ዓመት በፊት በባሌ ሱቅ ውስጥ በገዛ ጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ከወንድም የሚበልጥ ጓደኛው ነው የተናገራት፤ ባሌንም አልጋ ላይ ልትጥለው ምንም አልቀራት። እና እኔ ፊደል ከመቁጠር ብዙም ያላለፍኩት ሴትዮ፣ ለንቧ ጠበቃ ልቁምላት ብዬ ተነሳሁ። ስለ ንቧ ለማውራት ግን መጀመሪያ ስለ ባሌ ማውራት ግድ ነው።

ባሌ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ቁመቱ የጉድ ስለሆነ ሰፈሩ መሰላል ይለዋል። በር ሲገባ አንገቱን ሰበር ማድረግ ለምዶ፣ በር በሌለበት ሜዳ ላይም ሰበር ይል ነበር። የሠርጋችን ዕለት ፎቶ አንሺው እኔን ከፍሬሙ ውስጥ ማስገባት አቅቶት በርጩማ ላይ አቆመኝ፤ በርጩማውን በቀሚሴ ሸፈኑት። ያንን ፎቶ የሚያይ ሰው ሁሉ ረጅም ሴት አገባ ይላል።

ሱቁ ጠባብ ነው። አንድ የሚሽከረከር ወንበር፣ ከወንበሩ ፊት ግድግዳውን የሞላ መስታወት፣ በጎን በኩል ተራ ጠባቂ የሚቀመጥበት ዝቅ ያለ አግዳሚ። አለቀ። አንድ ሕግ ነበረው። ምላጭ በተከፈተበት ቤት ሰው አይቆምም። ሥራ ሲለምድ አንዱ የቆመ ሰው ክንዱን ገጭቶት የደንበኛ ጆሮ ሊያስቆርጠው ነበርና፣ ከዚያ ወዲያ የመጣው ይምጣ «ቁጭ በል» ነው። እኔን እንኳ ምሳ ይዤ ስገባ «ቁጭ በይ» ሳይለኝ ምሳውን አይቀበለኝም።

ጓደኛው ደግሞ የመብራት ሠራተኛ ነው። ቶሎ ስለሚቃጠል ፊውዝ ነው የሚሉት። ከአፈር ፈጪነት ጀምሮ አብረው ያደጉ ናቸው፤ አንዱ ሲያስነጥሰው ሌላው ይማርህ ለማለት አጠገቡ ነው። አንድ ቀን ይሄ ፊውዝ፣ ዕቃቸውን ጠቅልለው የሚሄዱ ሰዎች አሮጌ ቴሌቪዥንና የጌም ማሽን ከነካሴቱ ሰጡትና ተሸክሞ ሱቅ አመጣው። ተራ ጠባቂ ሲሰለቸው ይጫወትበት አለ። የካሴቱ ላይ ስም በማናውቀው ፊደል ስለሆነ እኛ ንቧ አልናት።

ባሌ ከመስታወቱ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ መደርደሪያ መታላት። ቴሌቪዥኑ እንዳይንሸራተት ከፊቱ ጠበብ ያለች ጣውላ ቸነከረ። ድምፁን ዘጋው፤ ጫጫታ እጄን ያሳስተዋል ብሎ። ከዚያ ጆይስቲኩን በረጅም ሽቦ ወደ አግዳሚው አወረደላቸው።

ጨዋታው ይህን ይመስላል። ንቧ ባሕር ላይ ወደ ላይ ወደ ላይ ትበራለች፤ ከፊት የሚመጡባትን ትተኩሳለች። ደህና እየሄደች ሳለ ከጀርባዋ፣ ከታች በኩል፣ አንዱ ጠላት ብቅ ይልና ድብን ያደርጋታል። በግራ ይምጣ በቀኝ አይታወቅም። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ንቧን ያልረገመ የሰፈር ሰው የለም። ይቺ ንብ ሳትሆን ቀብር ናት ይላሉ። የሠራት ሰው ሰው አይወድም ይላሉ።

ባሌ ይህን መስማት አይችልም። ሥራ ሲፈታ ራሱ ይጫወታታል፤ አጨዋወቱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀጉር ሲቆርጥ በመስታወት ነው የሚያያት፤ ዓይኑም እጁም እንዲያው ለምደዋል። ስለዚህ ጆይስቲኩን ይዞ ይቆማል፣ ለቴሌቪዥኑ ጀርባውን ይሰጣል፣ መስታወቱን እያየ ይጫወታል። ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ። ከኋላዋ ተመታችበት ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ሰው እንደ ትርኢት ተቀምጦ ያየዋል።

ንቧ ስትሰደብ መቀሱን አየር ላይ አቁሞ ነው የሚሟገተው። «ሳትናገር መታ አታውቅም፤ ታች ታች እያያችሁ ተጫወቱ» ይላል። እኛም ታች እናያለን፤ ባሕር ነው። ቀይ ሲሆን ሽሹ ይላል። ጠላቱ ቀይ፣ ጥይቱ ቀይ፣ ከየቱ ቀይ ነው የሚሸሸው? አንድ ጊዜ ክርክሩ ሲረዝምበት ወንበሩ ላይ ያለው ደንበኛ «መሰላል፣ ለንቧ ጠበቃ ከምትቆም መጀመሪያ የግራ ጆሮዬን ዙሪያ ጨርስልኝ» ብሎት ሱቁ በሳቅ ፈረሰ።

ያ ቅዳሜ ግን ሳቅ አልነበረበትም። ምሳ ይዤ ስገባ አግዳሚው ጢም ብሏል። ፊውዝ ፀጉሩን ተቆርጦ ጆይስቲኩን ይዟል፣ ንቧ በሞተችበት ቁጥር አግዳሚው ያውካካል፤ አንዱማ ለቅሶ ልንደርስህ መጣን አለው። ባሌ ደግሞ ከወንበሩ ኋላ ሆኖ «ነገረችህ እኮ፣ አሁን እኮ ነገረችህ» ይለዋል። ፊውዝ ጆይስቲኩን አስቀመጠ።

«ለአንተ ብቻ ነው የምትነግርህ?» አለ። «ያለ ማስጠንቀቂያ ከኋላ የምትመታ፣ ጨዋታ ሳትሆን ማጭበርበሪያ ናት። ማሽኑን አንድ ነገር አድርገኸዋል። አንተም አጭበርባሪ ነህ።»

እኔ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ፤ ምሳ ዕቃው ጉልበቴ ላይ ተንጋደደ። ባሌ ምላጩን አጠፈና ምን ባደርግ ታምናለህ አለው። ፊውዝም እንደ እኛ ተቀመጥ፣ እንደ ሰው ፊት ለፊት እያየህ ተጫወት አለው።

ተቀመጠ። ጉልበቱ አገጩ ድረስ መጣ። ጀመረ፤ እጁ በመስታወት የለመደ ነውና ንቧን ግራ ሲላት ቀኝ ትሄድበታለች፣ ወዲያው ከኋላ ተመታች። ደገመ። ተመታች። ባሌን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ፊቱ የሳሙና አረፋ መሰለ። አንዱ ከጥግ በኩል አስማቱ መስታወቱ ውስጥ ነው አለ። ፊውዝ አንገቱ ላይ የቀረውን ፀጉር እንኳ ሳያራግፍ ወጥቶ ሄደ።

ነገሩ ጨዋታ አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። ፀጉር አስተካካይ እኮ ሰው ጉሮሮውን የሚሰጠው ሰው ነው። ዓይንህን ጨፍነህ፣ አንገትህን ወደ ኋላ ጥለህ ምላጭ ሥር የምትገባው ለምታምነው ነው። አጭበርባሪ የሚለው ቃል ከሱቁ ወጥቶ ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። ማታ ቤት ሲገባ ደንበኛ አይሸሽብህም ብዬ ላጽናናው ብሞክር፣ ደንበኛ የሸሸ እንደሆነ ይመለሳል አለኝ። «እሱ ግን ሲለኝ ዓይኑን አላሸም» አለና እህል ሳይቀምስ ተኛ።

በማግስቱ ሱቁ ዝግ ነው፤ ነይ አግዢኝ ብሎ ወሰደኝ። ቴሌቪዥኑንና ማሽኑን አውርዶ ለፊውዝ ሊመልስለት ነው። ልቤ ስንጥቅ አለ። የጓደኛ ስጦታ ደጁ ድረስ ተመልሶ ከተቀመጠ ያ ጓደኝነት ሞቷል ማለት ነው፤ ቀብሩ ብቻ ነው የሚቀረው። የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን አትጣል አልኩት። አልሰማኝም። ቴሌቪዥኑን አቅፎ አውርዶ አግዳሚው ላይ አኖረው። ሰበረብኝ እንዳይል መሥራቱን ልይ ብሎ ሽቦውን ሰካ።

እኔ ደክሞኝ የሚሽከረከረው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞርኩ። ንቧ መብረር ጀመረች። ከባሕሩ ሥር፣ ከስክሪኑ ጠርዝ ላይ፣ አንድ ቀጭን መስመር አየሁ። ወዲያው የመስመሩ ግራ ጫፍ ቀላ። ትንሽ ቆየና በዚያው በግራ በኩል ከኋላ ጠላት ወጣ።

«ይሄ መስመር ምንድነው? ዛሬ ነው የመጣው?» አልኩት።

«የቱ? ይሄ? ሁልጊዜም አለ እንጂ። ቀይ ሲሆን ሽሹ የምለው ሌላ ምን መሰለሽ?»

«እኔ አይቼው አላውቅም።»

ቀልድ መሰለው። ፊቴን ሲያይ ግን ቀልድ አለመሆኑ ገባው። ታች ስላችሁ ምን ነበር የምታዩት አለኝ፤ ባሕር አልኩት። ቀስ ብሎ ሄዶ ባዶው መደርደሪያ ፊት ቆመ፤ ያቺ የቸነከራት ጣውላ ልክ ከዓይኑ ዝቅ ብላ ናት። ከዚያ ጉልበቱን አጥፎ እኛ ስንቀመጥ የምንሆነውን ያህል አጠረና ሽቅብ አያት። እጁን አፉ ላይ ጫነ። መደርደሪያውን የመታው በራሱ ቁመት ለክቶ ነው። እሱ ከቆመበት ጣውላዋ ምንም አትጋርድም፤ አግዳሚው ላይ ለተቀመጠ፣ ወንበሩ ላይም ላለ፣ መስመሩን ጥርግ አድርጋ ትደብቃለች። ቆሞ የሚያይ ሌላ ሰው ደግሞ በዚያ ቤት የለም። እሱ ራሱ ቁጭ በሉ ሲል ነው የኖረው። ያን ቅዳሜ ሲቀመጥም እጁ ተገላብጦበት ነው እንጂ መስመሩ መሰወሩን ልብ አላለም።

ሰው ሁሉ የእሱን ያህል የሚያይ ይመስለው ነበር። እሱ እኛን ሰነፎች ይለናል፣ እኛ ንቧን ሌባ እንላለን። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ሳይለይልኝ ቆየ።

ፊውዝን ልጠራ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ቢሄድ እንደማይመጣለት አውቃለሁ። አንድ ቤት ውስጥ መሰላል ላይ ወጥቶ አምፖል ሲቀይር አገኘሁት። ባሌ ይፈልግሃል ስለው «ከዚህ መሰላል ወርጄ ወደዚያኛው መሰላል?» አለኝ። ለእኔ ብለህ አልኩት። አምፖሉን አጥብቆ ወረደ።

ሱቅ ገብቶ ከባሌ ጋር ሰላም አልተባባሉም። ባሌ ጆይስቲኩን ሰጠውና ተጫወት አለው። ፊውዝ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጀመረ። መስመሩ ግራውን ቀላ። ፊውዝ ንቧን ወደ ቀኝ ወሰዳት፤ ጠላቱ ባዶ ባሕር መታ። ቀኙን ቀላ። ወደ ግራ ሸሸ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየዋለሁ። ከዚያ ቀና ብሎ መደርደሪያውን አየ፣ ጣውላዋን አየ፣ የባሌን ቁመት ከእግር እስከ ራሱ አየ። የመብራት ሠራተኛ ነውና ስለሚጋርድ ነገር አስረጂ አያስፈልገውም።

መዶሻ ስጠኝ አለ። በርጩማ ላይ ወጥቶ ያቺን ጣውላ በሁለት እጁ ነቅሎ መንገድ ላይ ወረወራት። ይቅርታ ይለው ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም። ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጣለና ጉሮሮውን አቀና።

«በሩን በሰፊው ክፈቺው እህቴ» አለኝ። «የሚያልፈው ሁሉ ይየኝ።»

ከፈትኩት። ሰው እያለፈ ቆም፣ እያለፈ ቆም ይላል። ባሌ ምላጩን አወጣ። ፊውዝ ዓይኑን እንደጨፈነ ስትቆርጠኝ ማስጠንቀቂያ አለው ወይ አለው። ባሌም ዝም በል፣ ምላጭ ተከፍቷል አለና ለእኔ ደግሞ ዞር ብሎ «ቁጭ በይ» አለኝ። ቁጭ አልኩ። እንባዬን የጠረግሁት በምሳ ዕቃው መሸፈኛ ነው።

ንቧ ከዚያ ወዲያ ዝቅ ብላ ተሰቀለች። የረገሟት ሁሉ ፀጉር ሳይቆረጡም እሷን ለመጫወት ብቻ የሚመጡ ሆኑ። ባሌም ፊውዝም ዛሬ የሉም፤ ማሽኑም የት እንደገባ አላውቅም።

ይህን ሁሉ ለልጅ ልጄ ከነገርኳት በኋላ ያን ሰውዬ ጠይቂልኝ አልኳት፤ ቴሌቪዥኑን የት ሰቅሎ ነው የተጫወተው? ከታች ቀዩን መስመር እያየ ነው ወይ? ሳቀችብኝ። ግን ጻፈችለት። እኔም ተረስቷል ብዬ ልተኛ ስነሳ ስልኳ ጮኸ። አነበበችው፣ ሳቋ ጠፋ፣ ስልኩን ወደ እኔ አዙራ ተረጎመችልኝ።

«የምን ቀይ መስመር?» ይላል።