የአባባ ወገብና የሙክቱ ቆዳ

ባለፈው ሳምንት አሰላ ላይ ከክፍል ስወጣ ጥሬ ቆዳ የጫነ ጋሪ በአጠገቤ አለፈ። ሽታው ጉሮሮዬ ላይ ተጣብቆ ምሳ ሳልበላ ዋልኩ። ጓደኞቼ «የጤና ተማሪ ሆነሽ ቆዳ ያስጠላሻል?» ብለው ሳቁብኝ።

ነገሩ የጀመረው ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ሲሬ አጠገብ ያለው ገብሳችን ለአጨዳ ደርሶ ነበር። አባባ ቀድሞ የተወቃ ገብስ የሞላበትን ጆንያ አነሳለሁ ሲል ወገቡን ያዘውና እንደጎበጠ ቀረ። ሰማዩ ከሰዓት በኋላ እየጠቆረ ያስፈራን ጀመር። ዝናብ ቢወርድ ገብሱ እማሳው ላይ ይበሰብሳል፤ ጎረቤቱም ሁሉ በየማሳው ተወጥሯል።

የአባባ ወንድም፣ አጎቴ ጋሽ ደምሴ ወጌሻ ይዞ መጣ። ወጌሻው የአባባን ወገብ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገና «ብርድ ገብቶበታል። ትኩስ የበግ ቆዳ ይጠቅለልበት፤ እስኪደርቅ እንዳይነቃነቅ» አለ። አጎቴ ለገና ያደለበውን የበግ ሙክት ወዲያው አረደ። ቆዳው እንፋሎቱ ሳይወጣ በአባባ ገላ ላይ ተጠቀለለ።

ሲውል ሲያድር ቤቱ ገማ። ዝንቡ ከቆዳው ወደ እንጀራችን፣ ከእንጀራችን ወደ አባባ ከንፈር ይመላለሳል። እናቴ ያቀረበችልኝ ሽሮ እንኳ ቆዳ ቆዳ ሸተተኝ። አባባን ውሃ ላጠጣው ስጠጋ ትንፋሼን እይዛለሁ። አውቆብኝ ነው መሰለኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞርልኝ ነበር።

አንድ ጠዋት በቆዳው ጠርዝ ነጭ ነገር ሲላወስ አየሁ።

«ምን አፍጥጠሽ ታያለሽ?» አለኝ።

«ትል ነው፣ አባባ።»

«ገና ሳልሞት!» ብሎ ጮኸ። ቆዳውን በጣጥሶ ወረወረና አጥር እየያዘ፣ እያቃሰተ ወደ ወንዙ ወረደ። እናቴ «ኧረ በማርያም፣ ወገብህ!» እያለች ተከተለችው።

«ይሰበር!» አላት።

ታጥቦ ሲመለስ ትንሽ ቀና ብሎ ነበር። በማግስቱም ተራመደ፤ ብዙም ሳይቆይ ማጭድ ጨበጠ። ዝናቡ ሳይቀድመን ገብሱ ተረፈልን።

ዘንድሮ አስተማሪያችን ስለ ወገብ ሕመም ሲያስረዱን፣ አብዛኛው በጊዜ ብዛት እንደሚሻል፣ ተኝቶ መክረም እንደሚያባብሰው፣ ቀስ እያሉ መንቀሳቀስ እንደሚረዳ ነገሩን። እግር ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። አባባን ያስነሳው መጸየፉ ነበር ማለት ነው ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ለእረፍት ቤት ስሄድ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ወገባቸውን ይዘው መጡ። «ያኔ አንተን ምን አሻለህ?» ብለው አባባን ጠየቁት። አባባ አጠገቡ የተቀመጠውን አጎቴን አየት አደረገና «ቆዳው ነዋ!» አላቸው።

አጎቴ እንደወጣ «ቆዳውን ወርውረህ እኮ ነው የዳንከው!» አልኩት።

«ልጄ፣ ወንድሙ ሙክት ያረደለት ሰው አልጠቀመኝም ይላል?»

እትዬ አስካለ ቤት ሄጄ የተማርኩትን ነገርኳቸው። አዳመጡኝ፤ መረቁኝም። በማግስቱ ከግቢያቸው በግ ሲጮህ ሰማሁ።

ትሉን ዛሬም ሳስታውሰው ያቅለሸልሸኛል። ግን ትልን ወንዝ ወርደው ይታጠቡታል። ያንን የአባባን ይሉኝታ በምን እንደሚያጥቡት ገና አላወቅሁም።