የጋሽ ሜትር ሁለት ኪሎ

በኩላሊት እጥበት ክፍሉ እውነተኛ ስሙን የሚጠራው የለም፤ ሕመምተኞቹም ነርሶቹም ጋሽ ሜትር ነው የሚሉት። ልብስ ሰፊ ነው። ዕድሜ ልኩን አንገቱ ላይ የኖረውን ሜትር ለሆስፒታልም ብሎ አያወልቀውም፤ ሁለት ወፋፍራም መርፌዎች ክንዱ ላይ ተሰክተው ደሙ በማሽኑ ውስጥ ሲዞር እንኳ ሜትሩ ደረቱ ላይ አብሮት ይተኛል። "ምነው፣ እኛንም ልትለካን ነው?" ሲሉት፣ "ለእናንተ ከፈን እንጂ ሱሪ ማን ይለካል!" ይላል። ክፍሉ ሁሉ ይስቃል። እዚያ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለው ቀልድ ነው የሚያስቀው።

የእጥበቱ ነገር እንዲህ ነው። ኩላሊት ሥራውን ካቆመ የሚጠጣው ውኃ መውጫ ያጣና ሰውነት ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ ሕመምተኛው ሲገባ ሚዛን ላይ ይወጣል። ሐኪሙ "ይህ ሰው ያለ ውኃ ይህን ያህል ይመዝናል" ብሎ የወሰነለት ክብደት አለ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ሁሉ ማሽኑ እንደ ውኃ ቆጥሮ ይመጥጠዋል። ልክ ከሆነ ሰውዬው ቅልል ብሎት ይወጣል። ከበዛ ግን የደም ግፊቱ ይወድቃል።

ከተማው ሁሉ የሚፈራው ግፊት ሲጨምር ነው፤ እዚያ ክፍል የሚፈራው ሲወርድ ነው። "ከፍ ያለውን ቀስ ብለን እናወርደዋለን፤ ልብን የሚጨርሰው ደጋግሞ የሚወድቀው ነው" ትላለች ክፍሉን የምትመራው ሲስተር። ለማስፈራራት አይደለም። ከጋሽ ሜትር አጠገብ ይተኛ የነበረ አንድ ሹፌር ግፊቱ እየደጋገመ ይወድቅ ነበር፤ አንድ ጠዋት አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቶ ተገኘ። የት ሄደ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

የጋሽ ሜትር ግፊት ግን ለዓመታት ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ብቻውን ይኖራል። ጠዋት ዳቦ በሻይ፤ ማታ ትዝ ካለው ይበላል፣ ካላለው ይተኛል። ቀን ቀን ደንበኛ አይጠፋም። ማታ ግን ከልብስ ስፌት መኪናው ጋር ያወራል፤ ክር ሲበጥስበት ይሰድበዋል፣ ሲሰፋለት ያመሰግነዋል።

እንዲህ ሳለ ልጁ መጣች። በሩቅ ከተማ ሆቴል ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ፈቃድ ወስዳ ልትጠይቀው። መስኮቱን ከፈተች፣ መጋረጃውን አጠበች፣ ጠዋት እንቁላል፣ ማታ ሥጋ የበዛበት ሾርባ እየሠራች፣ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦለት ሲበላ ምግብ እንደሚጣፍጥ ረስቶት ነበር። ደስ አለው፤ ደስታው እስኪያስፈራው ድረስ።

ብዙም ሳይቆይ እጥበት ላይ ግፊቱ መውደቅ ጀመረ። መጀመሪያ ያዛጋዋል፤ ከዚያ ዓይኑ ብዥ ይላል፣ ጆሮው ይጮኻል፣ ባቱ ኩምትር ብሎ ያስጮኸዋል። ነርሶቹ ሮጠው ራሱን ዝቅ፣ እግሩን ከፍ ያደርጉታል።

"ጋሽ ሜትር፣ ውኃ እየጠጡ ነው" አለችው ሲስተር። "ሁል ጊዜ ሁለት ኪሎ ትርፍ ይዘው ነው የሚመጡት።"

"በእናቴ፣ አልጠጣሁም!"

"ታዲያ ቤት ውስጥ የተለወጠ ነገር አለ? የሚበሉት ነገር? አብሮዎት የተቀመጠ ሰው?"

"ምን ሰው አለኝ! ብቻዬን ነኝ፣ እንደ ወትሮው።"

አንድ ልጁን ካዳት። ምክንያት አለው። ግፊቱ ደጋግሞ የሚወድቅ ሰው ቤተሰቡ ይጠራል። ከደወሉላት ትታው አትሄድም፤ ካልሄደች ደግሞ ሥራዋን ታጣለች፤ አለቃዋ ከፈቃድሽ አንድ ቀን እንዳታሳልፊ ብሎ ነው የለቀቃት። ሌላም ነበር፣ ለራሱም በቅጡ ያልነገረው፦ እንድትቀርለት አጥብቆ ስለሚፈልግ፣ ቅሪልኝ እንዳይላት ራሱን አላመነውም። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው አለ። ከእጥበት በኋላ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱ እስኪመለስ ይጠብቅና፣ ቤት ሲገባ "ወረፋ ነበር" ይላታል።

ሱሪውም ጠበበው። የሰው ወገብ ሲለካ ያረጀ ሰው የገዛ ወገቡን በሜትር ልለካው አላለም፤ ሱሪውን በሁለት ጣት አሰፋና "ይህ ውኃ ጉድ ሊያደርገኝ ነው" ብሎ ተበሳጨ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ! ከዚያ ወዲህ ውኃ ከንፈሩን ከማርጠብ አላለፈም። ሾርባውንም ገፋው፤ ሾርባም ውኃ ነዋ።

"አልጣፈጠህም አባዬ?"

"አልፈልግም አልኩ።"

"ትናንት ወደኸው አልነበር?"

ተነስቶ ወደ ስፌት መኪናው ሄደ። እሷም ጨው ቀንሳ፣ ሥጋ ጨምራ፣ በማግስቱ ደግማ አቀረበች። በዚያ ማታ እጥበት ላይ ግፊቱ ክፉኛ ወድቆበት ነበር የመጣው። ገበታው ላይ እንደተቀመጠ ባቱ ያዘው፤ ላለመጮኽ ጥርሱን ነከሰ፤ እሷም አየችው። ምን ሆንክ ልትል አፏን ስትከፍት ቀደማት።

"ስሚ። እኔ ብቻዬን መኖር ለምጃለሁ። ጉድ ጉድ ማለትሽ ያደክመኛል። ፈቃድሽ እስኪያልቅ ለምን ትጠብቂያለሽ? ብትሄጂ ይሻላል።"

ሳህኖቹን አንስታ አጠበች፣ አደራረቀች፣ በቦታቸው ደረደረች። "እሺ አባዬ" አለች ጀርባዋን እንደሰጠችው። በማግስቱ ሄደች። አውቶቡሱ ድረስ ሊሸኛት ፈልጎ እግሩ አልታዘዝ ስላለው ከሱቁ በር ላይ ሆኖ እጁን አውለበለበ፤ እሷ ግን መሸኘት ያልፈለገ መሰላት።

ዳቦ በሻይ ተመለሰ። ክፍሏ ጸጥ አለች። ያሰፋው ሱሪ ወገቡ ላይ ይሽከረከር ጀመር። ግፊቱም ቀስ በቀስ መውደቁን ተወ።

"ጎሽ ጋሽ ሜትር!" አለች ሲስተር ማሽኑን እያየች። "ይኸው ውኃውን ሲተዉት!" ከዚያ ግፊት መለኪያውን ልትፈታ ክንዱን ያዘች፤ ያዘችና ቆየች። ፊቷ ተለወጠ። "ከስተዋል እኮ። ያኔ ወፍረው ነበር እንዴ? እውነቱን ይንገሩኝ፣ ማን ነበር ቤትዎ?"

"ልጄ መጥታ ነበር" አለ። "ታበላኝ ነበር።"

ሲስተር አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። "ጋሽ ሜትር፣ ያ ሁለት ኪሎ ውኃ አልነበረም። ሥጋ ነበር። እኛ ግን ውኃ ነው ብለን ከደምዎ መጠጥንብዎ። ብቻዬን ነኝ አሉኝ፤ እኔም አመንኩዎት። ቢነግሩኝ ሐኪሙ መርምሮ የወሰነልዎትን ክብደት ከፍ ያደርገው ነበር፤ አለቀ።"

"አለቀ?"

"አለቀ። እንዲያውም እሷን እግሯ ላይ ወድቄ ነበር የምለምናት፣ ፈቃድዋን እንድትጨርስልን። በዚህ በሽታ የሚሰነብተው የሚበላ ሰው ነው።"

ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ደወለላት። ከሄደች ወዲህ ደውሎላት አያውቅም።

"አባዬ? ምን ሆንክ?"

"ምንም። ግፊቴ ሲያስቸግረኝ ነበር፤ አሁን ተስተካከለ። እሱን ልነግርሽ ነው።"

"መቼ ነው ያስቸገረህ?"

"አንቺ እያለሽ።"

"መቼ ተስተካከለ?"

ይህን አላሰበበትም ነበር። "ከሄድሽ በኋላ" አለ።

ከበስተጀርባዋ የሳህን ኳኳታ ይሰማል። "እውነትህን ነበር እንግዲህ" አለች በመጨረሻ፤ ቁጣ የለባትም፣ ድምፅዋ ግን ደክሟል። "እኔ ነኝ ያደከምኩህ።"

"አይደለም፣ ስሚኝ፣ ሥጋ ነበር፣ እነሱ ውኃ መስሏቸው..."

አንድ ሰው ከወዲያ ጠራት። "መጣሁ!" አለች ለሰውየው። ወደ ስልኩ ተመልሳ፣ "በቃ አባዬ፣ ደህና ከሆንክ ይበቃኛል፤ ልግባ" አለችው።

"ሾርባሽ ነበር እኮ ያወፈረኝ" አለ ጋሽ ሜትር። ስልኩ ተዘግቶ ነበር።