በር ላይ ቆሞ የሚጠይቅ ጅብ

የፍቅር ልብ ወለድ እወዳለሁ። በተለይ ወንዱ ሙሉ ሰው ያልሆነበትን፤ ቀን ሰው ሆኖ ሲመሽ አውሬ የሚሆነውን፣ ከወንዝ የወጣውን፣ ጂኒ ነው የሚባለውን። ይህን ስናገር ፊታቸውን የሚያጠቁሩ የተማሩ ሰዎች አሶሳም አሉ። ይተዉኝ። እነሱ ቀኑን ሙሉ የፖለቲካ ትንታኔ ሲያዳምጡ እኔ ምን አልኳቸው?

ማንበቡ አልበቃ ሲለኝ መጻፍ ጀመርኩ። የምሠራው ገበያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ደንበኛ ሲጠፋ በስልኬ እጽፍና ክፍል በክፍል ቴሌግራም ላይ እለቃለሁ። የመረጥኩት አንድ የቆየ ተረት ነው። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው ሲሰፍሩ ይዘውት መጥተዋል፤ እዚህም የበርታና የወለጋ ጎረቤቶቻችን የየራሳቸው አላቸው። ፈላጊዋን ሁሉ የናቀች ቆንጆ ልጅ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ መልከ መልካም ታገባለች፤ ሰውየው ጅብ ሆኖ ይገኛል፤ ወይ ይበላታል ወይ ለጥቂት ታመልጣለች። እኔ ጅቡን አፍቃሪ አደረግሁት። ተረቱ ሲያስፈራራኝ ኖሯል፣ አሁን ደግሞ እኔ እንደፈለግሁ ላድርገው ብዬ ነው።

አስተያየቱ ጎረፈ። ከማንቡክ አንዱ «ኧረ ጅቡን ቶሎ ግደይልን» አለኝ። ከቶንጎ አንዷ «ጅብ እንዲህ ካማረ እኔ ባሌን ምን ላድርገው?» ብላ ጻፈች። ከባምባሲ አንዲት ጸሎተኛ ሴት ደግሞ በውስጥ መስመር «እህቴ፣ ከአጋንንት ጋር ፍቅር አይሞከርም» የሚል ረጅም የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። መጨረሻው ላይ የሚቀጥለው ክፍል መቼ እንደሚወጣ ጠየቀችኝ። ሲያሞግሱኝ ቀኑን ሙሉ እዘፍናለሁ፤ ሲተቹኝ የመጣው ደንበኛ ሁሉ የእኔን ኩርፊያ ይቀምሳል።

ከፎቶ ኮፒ ቤታችን ጎን ልብስ ስፌት ቤት አለ። ባለቤቷ ጠና ያሉ የበርታ ሴት ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። የጅቡን ታሪክ መጻፍ በጀመርኩበት ዓመት የወንድማቸው ልጅ ባምባሲ ካለው ባሏ ቤት በፌስታል ልብሷን ይዛ መጣችባቸው። አሥረኛ ክፍል ሳለች ነው የዳሯት። ባሏ ነጋዴ ነው፤ ስልኳን ቀማት፣ ቆይቶም እጁን አነሳባት። እትዬ ልጅቷን አስጠጓት፣ ማሽን ላይም አስቀመጧት። ሐሳባቸው ግን የታወቀ ነበር፤ ሽማግሌ ይመጣል፣ ባልየው ይቅርታ ይላል፣ እሷም ትመለሳለች። ይህንንም እሷ እየሰማች ለመጣው ሁሉ ይናገሩ ነበር።

እትዬ አማርኛ ይናገራሉ እንጂ አያነቡም። ስለዚህ አዲስ ክፍል ስለቅ ልጅቷ ከስልኬ እያነበበች ለእሳቸውና ለሰፊዎቹ በበርታ ትተርክላቸዋለች። ማሽኖቹ ይቆማሉ። እኔም ቁልፍ ላስተክል የመጣሁ መስዬ በሩ አጠገብ ያለችው አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። በርታ የማውቀው ለሰላምታና ለገበያ ያህል ነው፤ ታሪኬ መወደዱን የምለየው በሳቃቸው ነበር።

ያን ሰሞን ጅቡ ልጅቷን የሚጠልፍበትን ክፍል ለቀቅሁ። ናፍቆቱ ብሶበት በሩን ሰብሮ ይገባል፤ በጀርባው አዝሏት ወደ ተራራው ይሮጣል። ቴሌግራም በልብ ምልክት ተጥለቀለቀ። ስፌት ቤቱም ተነበበ። ሲያልቅ ሴቶቹ ራሳቸውን በመስማማት ነቀነቁ፤ እትዬም ወደ እኔ ዞረው በዚያ ሴትና ወንድ በማይለይ አማርኛቸው አመሰገኑኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ጅብ ጥሩ አደገ። በር ላይ ቆመ፣ ‹ልግባ?› አለ። ልጅቷ ‹አይ› አለ። ጅቡ ሄደ፣ ነገ መጣ፣ ደግሞ ጠየቀ። ወላሂ፣ እንዲህ ባል የት አለ?»

«የምን በር ላይ ቆመ?» አልኩ። «እኔ እኮ በሩን አሰብሬዋለሁ!»

ሁሉም ወደ ልጅቷ ዞሩ። ስልኬን ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛለች። ሳፋጥጣት፣ ጅቡ ልጅቷን ካየበት ክፍል ጀምሮ እየለወጠች ስትተርክ እንደነበር አመነች። እኔ እየጻፍኩ የተመሰገንኩት እሷ በፈጠረችው ጅብ ነው። ደሜ ፈላ።

«ማን አርሚልኝ አለሽ?» ብዬ ጮህኩባት።

«አንቺ ጋ በሩ ሲሰበር ያምራል» አለችኝ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «እኔ ግን በር ተሰብሮብኝ ያውቃል። ያንን ጮክ ብዬ ማንበብ አልቻልኩም። ስለዚህ እንዲጠይቃት አደረግሁ። እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ እህቴ። ሲያጩኝ አባቴን ጠየቁ። አሁንም ሽማግሌ የሚመጣው አክስቴን ሊጠይቅ ነው።»

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። አንጀቴን በላችው። እትዬ መቀሱን አንስተው ጨርቁን መቁረጥ ቀጠሉ።

ክፍሉን እንደገና ጻፍኩት፣ እሷ እንደተረከችው አድርጌ። አንባቢዎቼ ሁለት ቦታ ተከፈሉ። «አቀዘቀዝሽው» አሉኝ ብዙዎቹ፤ የማንቡኩ ሰውዬ «ጅብ ነው ወይስ ለሕዝብ ቆጠራ የመጣ ሠራተኛ?» ብሎ አላገጠብኝ። አንዲት ስሟን ያልገለጸች ሴት ግን «እኔም ተጠይቄ ቢሆን» ብላ ብቻ ጻፈች። እሱን ደጋግሜ አነበብኩት። በሩን መልሼ አልሰበርኩትም።

ዓርብ ከሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ባልየውን ይዘው መጡ። ልጅቷ የቀሚሴን ጫፍ ይዛ አልለቅ ስላለች እኔም ከጎኗ ተቀመጥኩ። ወሬው በበርታ ነበርና በጆሮዬ ትነግረኛለች። ሽማግሌዎቹ ጸጸቱን ተናገሩለት፣ እሱም አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ አለ፣ ከዚያም ሁሉም እትዬን ማየት ጀመሩ። የእሳቸው አንድ ቃል ነበር የቀረው። ልጅቷ ዛሬውኑ ባምባሲ ልታድር ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

እትዬ ለባልየው አንድ ነገር ተናገሩ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ አንደኛው ሊቃወም አፉን ከፈተና ተወው። ልጅቷ መተርጎሙን አቆመች። ወዘወዝኳት።

«‹እኔን አይደለም፣ እሷን ጠይቃት› አሉት» አለችኝ።

ባልየው ከተቀመጠበት ተነሳ። ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ ከፊቷ ቆመ። ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ትመለስለት እንደሆነ ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቃት። ለእሱም የመጀመሪያው እንደነበር ያስታውቃል፤ አልዋሽም፣ ትንሽ አሳዘነኝ።

እሷ በአንዲት ቃል መለሰችለት። በርታ ብዙ አላውቅም፤ ያቺን ቃል ግን ገበያ አስተምሮኛል። ዋጋ አውርጄ ስጠራ ሻጮቹ የሚመልሱልኝ ቃል ናት።

ባልየው ሌላ መልስ የሚመጣ መስሎት ትንሽ ቆመ። ትልቁ ሽማግሌ ወደ እትዬ ዞሩ። እትዬም እኔም እንድሰማ ይሁን ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ ተናገሩ።

«ልጅቷ ተጠየቀ። ልጅቷ መለሰ። አለቀ።»

ሽማግሌዎቹ መርቀው ወጡ፣ ባልየውም ተከትሏቸው ወጣ። እትዬ ሰፊዎቹን «ምን ታያላችሁ፣ ሥራ!» ብለው ተቆጡ። ማሽኖቹ ተነሱ። ልጅቷም ወደ ማሽኗ ሄደች፤ ክሩን መርፌው ውስጥ ማስገባት አቃታት። እኔ አስገባሁላት፣ እያለቀስኩ፤ ደስታ ነው። የጀመረችው ስፌት ከላይ እስከ ታች ጠማማ ሆነ። ጠማማ ስፌት አይተው የማያልፉት እትዬ አዩት፣ ቀና ብለውም አዩዋት፣ ከዚያ አለፉት።