የእማማ ጋዲሴ ጤና አዳም

ሀይሚ ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ባለች ጠባብ ፎቶ ቤት ውስጥ የፓስፖርት ፎቶ ስታነሳ፣ «ቀና ይበሉ፣ እንዳይስቁ» ስትል ትውላለች። ቦሌ አራብሳ፣ ኮንዶሚኒየማችን ስትደርስ ግን ሌላ ሰው ናት። ከአሮጌ ካሜራ የተፈታ ሌንስ ስልኳ ላይ ገጥማ ሣር ውስጥ በሆዷ ትተኛለች። ጎረቤቱ ለይቶላታል ይል ነበር፤ እኔም ብያለሁ። አንድ ቀን የጉንዳን ፊት አጉልታ አሳየችኝ። ጉንዳን ፊቱ ላይ ፀጉር አለው። ከዚያ ወዲህ አፌን ይዣለሁ።

የምትመኘው አንድ ፎቶ ነበር፤ ቢራቢሮ ከሽፋኗ ስትወጣ። ስንቴ ሞክራ ሁልጊዜ የምትደርሰው ባዶው ሽፋን ላይ ነው። ይህ ያበሳጫታል።

ዘንድሮ አባጨጓሬዎች የእማማ ጋዲሴ ጤና አዳም ላይ ወጡ። እማማ ጋዲሴ ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ እዚሁ መሬት ላይ ገበሬ ነበሩ፤ አሁን የቀራቸው እርሻ በዘይት ጀሪካን የተከሉት ይሄ ጤና አዳም ነው። ብሎኩ በሙሉ ከሱ ይቀነጥሳል፤ ጤና አዳም ተለምኖ አይከለከልማ። አባጨጓሬዎቹን ሲያዩ ጫማቸውን አወለቁ።

«እማማ፣ በሞቴ ይተዉልኝ» አለች ሀይሚ።

«ቅጠሌን ጨረሱት እኮ ልጄ። ለጎረቤት ምን ልሰጥ ነው?»

«አንዱን ብቻ።»

አንዱ ተረፈ። እስኪጠግብ በልቶ፣ ቅርንጫፉ ላይ ራሱን በቀጭን ክር አስሮ፣ ደረቅ ቅጠል መስሎ ቀረ። ሀይሚ ጠዋት ማታ ትጠይቀው ጀመር። ቅዳሜ ጠዋት ሽፋኑ ጠቁሮ ክንፉ ከውስጥ ታያት። ሌንሷን ይዛ ስትመለስ ቅርንጫፉ የለም።

«ሰኪና እንግዳ መጥቶባት ለአይብ ፈልጋ…» አሉ እማማ ጋዲሴ፤ ነገሩ የገባቸው እየተናገሩ ነው። «መነጽሬን ሳላደርግ እኔው ራሴ ቀነጠስኩላት።»

ሰኪና አራተኛ ፎቅ ናት። ጉልበታቸውን ሲያማርሩ የሚውሉት እማማ ጋዲሴ ደረጃውን ከሀይሚ ቀድመው ወጡት። እኔም ከኋላ ተከተልኩ፤ እንዲህ ዓይነቱ ነገር አያመልጠኝም።

«ቢላውን አስቀምጪ» አሉ ከበሩ ላይ።

ሰኪና ደንግጣ አስቀመጠች። እንግዶቿ ተነሡ። ቅርንጫፉ መስኮቱ ሥር ብርጭቆ ውስጥ ቆሟል፤ ሽፋኑ ከላይ ተሰንጥቆ አንድ ቀጭን እግር እየወጣ ነው። ሀይሚ ተንበረከከች። ሌንሷን ስታስተካክል ሰኪና ክርኗን ያዘችላት።

«ማንም እንዳይተነፍስ» አሉ እማማ ጋዲሴ።

የቢራቢሮዋ ጭንቅላት ወጣ፣ ከዚያ የተጨማደደ እርጥብ ክንፏ ቀስ እያለ ተዘረጋ፤ ጥቁር፣ ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት። ሀይሚ እያነሳች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ትስቃለች። እኔም ዓይኔን ጠረግሁ፤ አላፍርም። እንግዶቹ አይቡን ያለ ጤና አዳም በሉ።

ሰሞኑን እማማ ጋዲሴ በሌላ ጀሪካን ሁለተኛ ጤና አዳም ተክለዋል። ከእሱ አንድ ቅጠል ልቀነጥስ እጄን ብሰድ መቱኝ።

«ከወዲያኛው ውሰድ» አሉኝ። «ይሄ የእነሱ ነው።»