ረግረጉን ያደረቀው አባ ቦይ

አባ ቦይ የሚለው ስም ሳይወጣለት በፊት ሰውየው የሰባት ወንድማማቾች ታናሽ ነበር። አባታቸው ሲሞት መሬቱን ለሰባት ተካፈሉትና ለእሱ የደረሰችው ቁራሽ በሬ ገብቶባት ለመዞር እንኳ የምታስቸግር ሆነች። ሁለት ዓመት አረሳት። በሦስተኛው ዓመት ከተራራው ማዶ ባለቤት የሌለው ሰፊ ሜዳ እንዳለ ከአንድ መንገደኛ ሰማና ሄዶ አይቶት ተመለሰ። ሣሩ ሰው ይውጣል። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ሲረግጡት ግን እግር ይዞ አልለቅም ይላል።

"እንዲህ ያለ መሬት እስከዛሬ ጦሙን ያደረው ለምን ይመስልሃል?" አለው ታላቅ ወንድሙ። "ረግረግ ስለሆነ ነዋ! ውሃ ልታርስ ነው የምትሄደው?"

"ውሃ እንደሆነ መንገድ ካሳዩት ይሄዳል" አለ እሱ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ መልስ አይጠፋም።

ሚስቱን ነገራት እንጂ አልጠየቃትም። እሷም ዕቃዋን በሁለት ጆንያ ቋጠረች። የስድስት ዓመቷን ሴት ልጅ በእግሯ፣ የአራት ዓመቱን ልጅ በአህያ፣ የሁለት ዓመቱን በጀርባዋ አድርጋ ተከተለችው።

ከሜዳው ዳር ትንሽ ከፍ ያለች ቦታ ላይ ጎጆ ቀለሱ። አንድ ክፍል ናት። በስተቀኝ አምስቱም ተጣብቀው የሚተኙበት መደብ፣ በስተግራ ደግሞ አይጥ እንዳይደርስበት የዘር ገብሱ የተንጠለጠለበት ምሰሶ። በጋው ደህና አለፈ። ልጆቹ እንቁራሪት ሲያባርሩ ይውላሉ፤ እሱ ዳር ዳሩን ይቆፍራል፤ ሚስቱም አንዳንዴ ትስቅ ነበር።

ዝናቡ ሲገባ ውሃው ቀስ ብሎ መጥቶ ደጃፋቸው ላይ ቆመ። ከውሃው ጋር ትንኝ መጣ፤ ከትንኙ ጋር ንዳድ። ትልቁ ልጅ በታመመ በአምስተኛው ቀን አረፈ። ትንሹም ከእሱ በኋላ ሳምንት አልቆየም።

ትልቁን ከጎጆው ጀርባ፣ ከፍታው ላይ ቀብሮት ነበር። ለትንሹ ከጎኑ ሲቆፍር ግን ጉድጓዱ ከሥር ውሃ አቀረረ። በጣሳ ጨለፈው። መልሶ ሞላ። ደግሞ ጨለፈ፤ ደግሞ ሞላ። ሚስቱ ልጁን በጨርቅ ጠቅልላ እንደታቀፈች ቆማ ታየዋለች። ስንት ጊዜ እንደጨለፈ አያውቀውም፤ እጁ ብቻ ይሠራ ነበር።

"ተው በቃ" አለችው በመጨረሻ። "ከወንድሙ ጋር ይተኛ።"

የትልቁን ጉድጓድ በገዛ እጁ መልሶ ከፈተ።

በማግስቱ ጠዋት አህያውን መጫን ጀመረ። ሚስቱ ከጎጆው ወጣች።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ወደ ወንድሞቼ እንመለስ። ጥፋቱ የኔ ነው። የፈለግሽውን ብትይኝ አንድ ቃል አልመልስልሽም።"

"ስንመጣ ጠይቀኸኛል?"

የያዘውን የጭነት ገመድ ለቀቀ።

"እንግዲያው ስንሄድ ጠይቀኝ። ጠይቀኝና ልንገርህ፤ ልጆቼን ውሃ ላይ ጥዬ የትም አልሄድም። መንገድ ካሳዩት ይሄዳል ብለህ ለወንድምህ ስትፎክር ሰምቼሃለሁ። በል አሳየው! አድርቀው!"

ጆንያዎቹን ከአህያው ላይ አንድ በአንድ አውርዳ ወደ ቤት አስገባች።

ውሃው እንደጎደለ መቆፈር ጀመረ። የመሬቱን ዝንባሌ የሚለካበት መሣሪያ አልነበረውም። ዝርግ ሳህን ውሃ ሞልቶ ድንጋይ ላይ ያስቀምጥና አጎንብሶ በጠርዙ አሻግሮ ያያል፤ ሚስቱ ራቅ ብላ እንጨት ይዛ ትቆማለች። "ከፍ! ዝቅ! እዚያው፣ እንዳትነቃነቂ!" ከጎጆው ሥር በሜዳው ግርጌ እስካለው ወንዝ አንድ ሺህ አራት መቶ እርምጃ ሆነ። ከላይ ጥቁር አፈር፣ ከሥር እንደ ሳሙና የሚያንሸራትት ጭቃ። እሱ ይቆፍራል፣ እሷ በቅርጫት ታወጣለች፣ ልጅቷ ድንች ትቀቅልላቸዋለች። በመጀመሪያው ዓመት ዝናቡ ሲመጣ የቦዩ ግራና ቀኝ ተንዶ ደለል ሞላውና ልፋታቸው ገደል ገባ። በሁለተኛው ዓመት አፉን አስፍቶ፣ ግድግዳውን አዘንብሎ እንደገና ጀመረ።

ዶማው በተሰበረ ቁጥር ተራራውን ተሻግሮ ቀጥቃጩ ዘንድ ይሄዳል። ቀጥቃጩ አፉ የማያርፍ ሰው ነበር።

"አንተ ሰውዬ፣ ብረቱን ትቆፍርበታለህ ወይስ ትበላዋለህ? ዘንድሮ እኮ ሦስተኛህ ነው! ተጠንቀቅ፣ አንድ ቀን በእንቅልፍ ልብህ በሚስትህና በአንተ መካከል ቦይ እንዳትቆፍር፣ አባ ቦይ!"

ስሙ እንዲያ ተጣብቆ ቀረ። ከልጆቹ ሞት ወዲህ ጥርሱ የታየው ያን ቀን ነው ይባላል።

በአራተኛው ዓመት፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ሜዳው ላይ ተኝቶ የኖረው ውሃ ተንቀሳቀሰ። ባልና ሚስት ቦዩ ዳር ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ ሲያልፍ ሲያዩት ዋሉ። በቀጣዩ ዓመት ገብሱ ወገብ ደረሰ።

ይህን የሰማ ሁሉ መጣ። በስድስት ዓመት ውስጥ አሥራ ሁለት አባወራ በቦዩ ግራና ቀኝ ሰፈረ፤ አባ ቦይም ለአዲስ መጪ ሁሉ ሳህኑን ይዞ ዝንባሌ ሲያሳይ ይውላል። አንድ ቀን ግን ከወንዙ ዳር ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ውሃ የሚንጠባጠብ ፍራሽ ተሸክመው መጡና ደጃፉ ላይ ጣሉት።

"ይኸው የላክኸው" አሉት። "አንተ ቤት ሲደርቅ እኔ ቤት ገባ።"

አባ ቦይ ውሃውን ሲሰድ ወደ ታች እንጂ ወደ ጎን አይቶ አያውቅም ነበር። "አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለ። አጨዳው እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቀም፤ እህሉን ለሚስቱና ለጎረቤት ትቶ ወርዶ የቦዩን አፍ ከሽማግሌው ጎጆ በታች ለማድረስ ሦስት መቶ እርምጃ ጨመረ። ከገብሱ ገሚሱ ያን ዓመት ማሳው ላይ ረገፈ።

መሬት መዝጋቢው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ "የባለመሬቱ ስም?" ሲል ጠየቀው።

"የሁለታችንንም ጻፍ" አለ አባ ቦይ።

"መዝገቡ ቦታ ያለው ለአንድ ስም ብቻ ነው።"

"እንግዲያው የእሷን ጻፍ።"

መዝጋቢው ቀና ብሎ አየው፤ ሰልፉ ላይ የነበሩትም ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም። የእሷ ስም ተጻፈ።

ሌሎች ሦስት ልጆች ተወለዱ፤ የልጅ ልጆችም መጡ። ስለ ሞቱት ሁለት ልጆች ግን ከአፉ ቃል ወጥቶ አያውቅም። ሰማንያውን ተሻግሮ አልጋ ላይ ሲውል አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትልቋ ልጁ ትራሱን ልታስተካክል ስትጎነበስ እጇን ያዘ።

"ወንድምሽ የታመመ ዕለት ማለዳ 'አባዬ በረደኝ፣ እቀፈኝ' አለኝ። ፀሐይ ስትወጣ ይለቅሃል ብዬው አጥር ላጥር ወጣሁ። ለእናትሽ አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም።"

"ሰምቻለሁ፣ አባዬ" አለችው። "መደቡ ላይ ከጎኑ ነበርኩ።"

"ይህን ሁሉ ዓመት ታውቂ ነበር?"

"አዎ። አንተ ስትወጣ እኔ አቀፍኩት። ሞቆት ተኛ።"

ሽማግሌው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አለቀሰ። ልጁ እጇን ሳትነጥቀው እስኪበቃው ድረስ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ቆየ።

ይህን ነገር ለእናቷ የነገረቻት እሱ ከሞተ ከዓመት በኋላ ነው። አሮጊቷ በረንዳው ላይ ድንች እየላጠች ነበር።

"ምነው ብቻውን ተሸክሞት ኖረ!" አለች። "ቢነግረኝ ምን ነበረበት?" ከዚያም ድንቹን ልጣ ጨረሰች።